ጥጋችን ላይ ቆሻሻ የሚጥለው ማን እንደሆነ ሳጣራ ያገኘሁት

ቤቴ ሀዋሳ ነው፤ ከዋናው አስፋልት ትንሽ ገባ ብሎ፣ ሁለት የኮብልስቶን መንገዶች የሚገናኙበት ጥግ ላይ። ከአጥራችን ቀጥሎ ኮለኑ ቆሞ የቀረ ጅምር ቤት አለ። የዛሬ ሦስት ዓመት ግድም፣ ክረምቱ ሲገባ፣ አንድ ሰው አንድ የታሰረ ፌስታል ጅምሩ ቤት ፊት ጥሎ ሄደ። በሳምንቱ አምስት ሆኑ። መስከረም ሲጠባ ክምሩ ከቆርቆሮ አጥሬ ጋር ተደግፎ እስከ ጉልበቴ ይደርስ ነበር።

እኔ ቤቴ ውስጥ ልብስ እሰፋለሁ። የስፌት መኪናዬ መስኮቱ ስር ስለሆነ ቀና ባልኩ ቁጥር የማየው ያንን ጥግ ነው። አንድ ጠዋት አንድ አባ ኮዳ ክምሩ ላይ ቆሞ አየሁ። አሞራ ገደል ዓሣ ሲበለት ዙሪያውን የሚቆሙት፣ የምናውቃቸው ናቸው። በአንድ እግሩ ፌስታሉን ረግጦ፣ በዚያ ረጅም መንቆሩ የዶሮ አንጀት እየጎተተ ያወጣል። አንጀቱ ከፌስታሉ ቁራጭ ጋር ተጣብቋል። ሁለቱንም አብሮ ዋጠው። ያን ቀን መስፋት አቃተኝ።

ተመሳሳይ ችግር ያለባችሁ ብዙ እንደሆናችሁ ስለማውቅ ያደረግነውን ሁሉ፣ ያልሠራውንም ጨምሬ እጽፋለሁ። ያልሠራው ብዙ ነው፤ እናንተ እንዳትደክሙበት መጀመሪያ እሱን ልንገራችሁ።

ሁለት ጊዜ ጎረቤት ገንዘብ አዋጥተን፣ የቀን ሠራተኛ ቀጥረን አስጠረግነው። የመጀመሪያው ጊዜ ስድስት ቀን ቆየ፤ ሁለተኛው አራት። ግድግዳው ላይ «እዚህ ቆሻሻ መጣል በሕግ ያስቀጣል» ብለን በቀይ ቀለም አጻፍን። ጽሑፉ ስር ይጣል ነበር። አንድ ጎረቤታችን ሰልችቷቸው ማታ ማታ ማቃጠል ጀመሩ። የፕላስቲክ ጭስ መርዝ ነው። የእኔ ትልቁ ልጅ አስም አለበት፣ ሁለት ሌሊት ተቀምጦ አደረ። ሄጄ ለመንኳቸው፤ ደግ ሰው ናቸው፣ ተዉልኝ። ከዚያ ቀበሌ ተመላልሰን ገንዳ አስመጣን። ገንዳው በሳምንት ሞላ፤ የሚያነሳው መኪና ግን የሚመጣው ሲመቸው ነበር። ከሞላ በኋላ ሰው ዙሪያውን መጣል ያዘ፤ ገንዳ እስካለ ድረስ ደግሞ ቦታው የተፈቀደ መስሎ ስለሚታይ ከሌላ መንደር ሁሉ እየተሸከሙ መጡ። ያስመጣነውን ገንዳ እኛው ለምነን አስነሳነው። የሚያነሳው መኪና ቀኑ እስካልታወቀ ድረስ ገንዳ አትጠይቁ ብዬ እመክራለሁ።

ነገሩ የተለወጠው መቁጠር ስጀምር ነው። የደንበኞቼን ልክ የምጽፍበት ደብተር ጀርባ ላይ ለሁለት ሳምንት ያየሁትን መዘገብኩ፦ በስንት ሰዓት፣ ምን ዓይነት ሰው፣ በምን አድርጎ፣ ምን ጣለ። ስም አልጻፍኩም። እስከዚያ ድረስ «ሰዉ» ነበር የምንለው፤ ሰዉ አይሰማም፣ ሰዉ ሥርዓት የለውም። ደብተሩ ግን አራት ዓይነት ቆሻሻ አሳየኝ፤ አራቱም በየራሳቸው ሰዓት፣ በየራሳቸው ምክንያት ይመጡ ነበር።

የመጀመሪያው ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ የሚጣለው ትንንሽ ፌስታል ነው። ከሁሉም የሚበዛው እሱ ነበር። አንድ ሌሊት ነጠላዬን ተከናንቤ በሩ ጋ ጠበቅሁ። አንዲት ቀጭን ልጅ በሩጫ መጣች፣ ፌስታሉን ወረወረች።

«ምን እያደረግሽ ነው?» ብዬ ጮህኩባት።

በድንጋጤ ቆመች። የመታወቂያ ካርዷ አንገቷ ላይ ነው፤ ኢንዱስትሪ ፓርክ ነው የምትሠራው። «እትዬ፣ አይቆጡኝ» አለች። ትንሽ ዝም ብላ ደግሞ፣ «እሺ፣ የት ልጣለው?» አለችኝ።

መልስ አልነበረኝም። ሰርቪሷ ሊያመልጣት ስለሆነ ለቀቅኳት፤ እሑድ ግን ቡና ጠርቻት ቁጭ ብለን አወራን። አንድ ክፍል ውስጥ ለአራት ነው የሚኖሩት። አከራያቸው ግቢ ውስጥ ቆሻሻ ማሳደር ከልክለዋል። የቆሻሻ ማኅበሩ ጋሪ የሚመጣው ማክሰኞ ጠዋት 4 ሰዓት ላይ ነው፤ ያኔ አራቱም ሥራ ላይ ናቸው። አከራዩዋ ደግሞ ለማኅበሩ የሚከፍሉት ለራሳቸው ቤት ብቻ ስለሆነ የተከራይ ቆሻሻ አብረው አያስረክቡም። የሽንኩርት ልጣጭና የቲማቲም ፌስታል ይዘው አራት ልጆች የት ይሂዱ? በእኛ መንደር እንዲህ ዓይነት የኋላ ክፍል ያላቸው ግቢዎች ሰባት ናቸው። ሁለት ዓመት ሙሉ ሥርዓት የሌላቸው እያልኩ ስረግማቸው የነበሩት እነዚህ ልጆች ናቸው። በጣም አዘንኩ።

ሁለተኛው ማታ 1 ሰዓት ላይ፣ በማዳበሪያ የሚመጣ ነው። ጉልት ላይ ፍራፍሬ የምትሸጥ እናት ናት፤ የአቮካዶና የማንጎ ልጣጭ፣ የሸንኮራ አገዳ ምጣጭ። የጫት ገረባም በዚሁ ሰዓት ነው የሚመጣው፣ ከነታሰረበት የኮባ ቅጠል። ሦስተኛው የአህያ ጋሪ ነው፤ ቤት ያደሰ ሰው ፍርስራሽ። አራተኛው የእኛው የራሳችን የአጥር ባለቤቶች ነው። ጋሪው ማክሰኞ ከቀረ፣ ሐሙስ ላይ ሽታው ሲብስ ልጅ «ወስደህ ጣለው» ተብሎ ይላካል። ከእነዚያ ልጆች አንዱ የእኔ ነበር። ይህን የእድር ሴቶች ፊት ተናገርኩ፤ እኔ ስናገር ሌሎችም ተናገሩ፣ ከዚያ በኋላ ነው መነጋገር የተቻለው።

ከሁሉ በፊት የተከራዮቹን ነገር ያዝን። ሦስት ሆነን፣ ሁለቱ ከእኔ በዕድሜ የሚበልጡ፣ አከራዮቹን በየቤታቸው ሄደን አነጋገርን። ክስ ይዘን አልሄድንም። «እማማ፣ እነዚህ ልጆች ቆሻሻቸውን የት ያድርጉት?» ብለን ጠየቅን። ያቀረብነው ሐሳብ ቀላል ነው፦ ከዋናው በር ጀርባ ሚስማር ላይ አንድ ማዳበሪያ ይሰቀል፤ ተከራይ ደረቁን ቆሻሻ እዚያ ይክተት፤ እያንዳንዱ ክፍል ከኪራዩ ጋር 20 ብር ይጨምር፤ ግቢው ያን ብር ከራሱ ክፍያ ጋር ለማኅበሩ ይስጥ። ከሰባቱ አምስቱ በዚያው ሳምንት እሺ አሉ። አንዷ አይጥ ይመጣብኛል ብለው እምቢ አሉ፤ ልክ ነበራቸው። ማዳበሪያ ውስጥ የምግብ ትርፍ ከገባ አይጥ ይመጣል። ስለዚህ እርጥቡን ከደረቁ መለየት ግድ ሆነ።

በመሥሪያ ቤት ቋንቋ ከቤት የሚወጣው ሁሉ «ደረቅ ቆሻሻ» ይባላል። እኔ ግን የአንድ ሳምንት የቤታችንን ቆሻሻ ከከሰል ሻጯ ሚዛን ተውሼ መዘንኩት። 11 ኪሎ ወጣ፤ ከዚያ ውስጥ 7 ኪሎ ተኩሉ ልጣጭ፣ የቡና አተላ፣ ቅጠልና የምግብ ትርፍ ነው። አብዛኛው ውሃ ማለት ነው። የሚሸተው፣ ትል የሚያፈራው፣ ውሻና አባ ኮዳ የሚጠራው፣ ጋሪ ገፊዎቹን ወገባቸውን የሚሰብረው ይሄ ነው። እሱ ከወጣለት የቀረው ሳይሸት ሁለት ሳምንት መቀመጥ ይችላል። ጋሪው አንድ ማክሰኞ ቢቀር ማንም አይጨነቅም። ይህን ሳውቅ ነው ችግራችን ግማሹ ጋሪው ሳይሆን መደባለቃችን እንደነበር የገባኝ። መለየቱ አዲስ ነገርም አይደለም፤ በ1999 ዓ.ም. የወጣው የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513 እያንዳንዱ የቤት ኃላፊ ተመልሶ ጥቅም ላይ የሚውለውን ከሚደፋው እንዲለይ አዝዞ ነበር።

እርጥቡን ምን አደረግነው? አንድ ያረጀ በርሜል ገዛሁ፣ ታችና ጎኑን በሚስማር በሳሳሁት። ከታች እንጨትና ደረቅ ጭራሮ አነጠፍኩ። በየቀኑ ልጣጭ ስጨምር በላዩ ላይ እጥፍ የሚሆን ደረቅ ቅጠል እበትናለሁ። ምስጢሩ ይሄ ነው፤ የመጀመሪያ ጊዜ ልጣጭ ብቻ ስለጨመርኩበት ገማ፣ ጎረቤት ሊጣላኝ ነበር። ቢገማባችሁ ውሃ በዝቷል፣ አየር አጥቷል ማለት ነው፤ ደረቅ ቅጠል ጨምሩና አገላብጡ። ደርቆ ከቆመ ውሃ እርጩበት። እፍኝ አድርጋችሁ ስትጨምቁት እጃችሁን አርሶ የማይንጠባጠብ ከሆነ ልኩ ነው። በሳምንት አንዴ በእንጨት አገላብጡት። በሦስት በአራት ወር ጥቁር፣ የዝናብ አፈር የሚሸት ብስባሽ ይሆናል። የመጀመሪያውን ለጎመንና ለበርበሬ አደረግሁት። አመድ በጣም ትንሽ ነው የምጨምረው። ሥጋ፣ አጥንት፣ ወጥ፣ ዘይት የነካው ነገር በፍጹም አይገባም፤ አይጥ የሚጠራው እሱ ነው። የጫት ገረባ ይገባል፣ ግን ግንዱ ስለሚቆይ መቆራረጥ አለበት። የአቮካዶ ፍሬም ዓመት ይፈጃል፤ እሱን አውጡት።

በርሜል የማይችል ሰው ላም ወይም በግ ያለው ጎረቤት ይፈልግ። የፍራፍሬ ሻጯ ልጣጭ አሁን የሚሄደው ሁለት ላም ወዳላቸው ቤት ነው፤ ራሳቸው ማታ ልጅ ልከው ይወስዱታል። ግን እባካችሁ ፌስታል እንዳይቀላቀል። ባለፈው ፋሲካ መንደራችን ውስጥ የታረደ በግ ሆዱ ሲከፈት፣ ጨርሶ እንደ ገመድ የተገመደ ሰማያዊ ፌስታል ወጣ። በጉ ከስቶ የነበረው ለካ ጠግቦ እየመሰለው ነው።

ወደ ደረቁ ልመለስ። ሃይላንድ፣ ጀሪካን፣ ካርቶን፣ ጣሳና ብረት ገንዘብ ነው። ቆራሌው በየመንደሩ እየጮኸ የሚዞረው ለዚህ ነው። የማኅበሩ ልጆችም ከወር ክፍያው ሌላ የሚያገኙት ትርፍ ከቆሻሻው ውስጥ ለቅመው የሚሸጡት ሃይላንድ ነው፤ ከወጥ ጋር ተለውሶ ስለሚመጣ ግን ማጠብ አለባቸው፣ ብዙውን ይጥሉታል። ለማኅበሩ አስተባባሪ ልጅ እንዲህ አልነው፦ «ደረቁን ለይተን፣ ንጹሕ ሃይላንድና ካርቶን ለብቻው በማዳበሪያ እንሰጣችኋለን፤ እናንተ ደግሞ እሑድ ከሰዓት በኋላ አንድ ዙር ጨምሩልን።» እሑድ ያልነው ተከራዮቹ ቤት የሚውሉት ያን ቀን ስለሆነ ነው። ልጁ አልተከራከረም፤ በሚቀጥለው እሑድ መጣ። ለሁለት ዓመት «ሥራችሁን አትሠሩም» እያልን ስንጣላቸው አንድ ቀን አልጨመሩልንም ነበር። ቆራሌው ቅር ብሎት ስለነበር ብረቱንና ጀሪካኑን ለሱ ተውንለት።

ስለ እነዚህ ልጆች አንድ ነገር ሳልል ማለፍ አልችልም። አብዛኞቹ ጓንት የላቸውም። አንዷ መዳፏ ላይ ከአውራ ጣቷ እስከ ትንሿ ጣቷ የሚደርስ ጠባሳ አሳየችኝ፤ ፌስታል ውስጥ የነበረ የተሰበረ ብርጭቆ ነው። የተሰበረ ነገር በካርቶን ጠቅልላችሁ፣ ለብቻው፣ በእጃቸው ስጧቸው፤ «ብርጭቆ ነው» በሏቸው። ምላጭ፣ መርፌ፣ የመርፌ ስሪንጅ ሃይላንድ ውስጥ ከትታችሁ ክዳኑን አጥብቃችሁ ዝጉ፤ ያ ሃይላንድ ከሚሸጠው ጋር እንዳይቀላቀል ምልክት አድርጉበት። ያለቀ የባትሪ ድንጋይም ብስባሽ ውስጥ አይግባ። የደባለቅነውን መጨረሻ ላይ ለይቶ የሚኖር ሰው ሁሌም አለ። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. አዲስ አበባ ቆሼ ላይ ክምሩ ተንዶ ከመቶ በላይ ሰው ሲሞት፣ እዚያው ክምር ስር ቤት ሠርተው የሚኖሩ ነበሩ።

የፍርስራሹ ጉዳይ ቀላሉ ሆነ። ባለ ጋሪውን አንድ ቀን ሲገለብጥ አገኘሁት፤ «እናቴ፣ 150 ብር ተከፍሎኝ ነው፣ ቦታ ግን አላሳዩኝም» አለኝ። እውነቱን ነው። ቤት የሚያድስ ሰው ለጋሪ ከፍሎ ከበሩ ከሸኘ በኋላ የት እንደሚደፋ አይጠይቅም። ፍርስራሽ ደግሞ የሚፈልገው ሰው አለ፤ ከተማችን ረባዳ ስለሆነች ቦታውን ለመሙላት ሙሌት በገንዘብ የሚገዛ ሞልቷል። ከእኛ ሦስት መንገድ ወረድ ብሎ ግቢው ክረምት ክረምት ውሃ የሚተኛበት ሰው ጠይቀን፣ «አምጡልኝ እንጂ!» አለ። አሁን መንደራችን ውስጥ የሚያድስ ሰው ሲኖር እድሩ ውስጥ ይነገራል፤ ባለ ጋሪውም የክፍያውን ግማሽ ሲጭን፣ ግማሹን ደፍቶ ሲመለስ ይቀበላል።

ይህ ሁሉ መስመር ከያዘ በኋላ ነው ጥጉን ለሦስተኛ ጊዜ ያስጠረግነው። ቅደም ተከተሉን ልብ በሉልኝ። ከዚያ በፊት ሁለቴ ያስጠረግነው ለቆሻሻው ሌላ መሄጃ ሳናበጅለት ነው፤ ስለዚህ ተመልሶ መጣ። ስናነሳው ከስር ያለው የጎርፍ ቦይ ጢም ብሎ ተደፍኖ ነበር። ፌስታሉ ተነባብሮ፣ በደለል ተጋግሮ፣ በአካፋ አልወጣ ብሎን በእጅ እየላጥን አወጣነው። በዚያ ቦይ የሚወርደው ጎርፍ የሚሄደው ወደ ሀይቁ ነው። የሀዋሳ ሀይቅ ደግሞ ጥቁር ውሃ ይገባበታል እንጂ የሚወጣ ወንዝ የለውም፤ ውሃው ወደ ሰማይ ይተናል፣ የገባው ሃይላንድ ግን እዚያው ይቀራል። ፍቅር ሐይቅ ዳር ልጆቼን ይዤ ስሄድ ቄጠማው ውስጥ የሚንሳፈፈውን ክዳን ሁሉ እያየሁ፣ ስንቱ በእኛ ቦይ ሄደ እላለሁ።

ጥጉ ላይ አምፖል ሰቀልን፤ መብራቱን ከእኔ ቤት ነው የሳብነው። ከዚያ ወዲህ አሥራ አንድ ወር ሆነ። አልፎ አልፎ አንድ ፌስታል ይገኛል፤ ያየ ሰው በዚያው ቀን ያነሳዋል፣ ምክንያቱም አንዱ ካደረ ነገ ሦስት ይሆናል። ከሰባቱ ግቢዎች አንዱ እስከ ዛሬ እምቢ እንዳለ ነው።

ያልፈታነው ዳይፐሩን ነው። ለብስባሽ አይሆንም፣ ቆራሌው አይገዛውም፣ እሑድ እስኪደርስ ይሸታል። እኛ ጋ ሕፃን ያላቸው ቤቶች ሽንት ቤት ከደፉ በኋላ ጠቅልለው፣ ክዳን ባለው ባልዲ ለብቻው አስቀምጠው ነው ለጋሪው የሚሰጡት። አንዳንዶቹ ቀን ቀን ወደ ጨርቅ ተመልሰዋል፤ ጨርቁን ከስፌት ትርፍ እኔ ነኝ የምሰጣቸው። የተሻለ ዘዴ ያላችሁ ብትነግሩኝ ደስ ይለኛል። ፌስታሉን በተመለከተ በ2017 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የሚከለክለውን አዋጅ አጽድቋል። እኔም ከትራፊ ጨርቅ ዘንቢል መሳይ ከረጢት እየሰፋሁ ለጉልት ደንበኞች እሸጣለሁ፤ ገና በቂ ሰው አልለመደውም።

ከሌሊቱ 11 ሰዓት ያገኘኋት ልጅ አሁንም እዚያው ክፍል ናት። ሰርቪስ ልትይዝ ስታልፍ ባዶ እጇን እያወዛወዘች «እትዬ፣ ደህና አደሩ!» ትለኛለች። ባለፈው ሳምንት ደግሞ ከእኛ ሁለት ጥግ ወረድ ብሎ፣ የተዘጋ ሱቅ ፊት፣ አዲስ ክምር ጀምሮ አየሁ። አጠገቡ የምትኖረው ሴት ቀይ ቀለም ልትገዛ ነው። ቆይ አልኳት፤ አንድ ባዶ ደብተር ሰጠኋት፤ ቅዳሜ ሌሊት እሷ በር ላይ አብረን እንቆማለን።